ሰባተኛው ስቴጅ ላይ አለቃ የለም

ጥር 13 ቀን 2001

ይህ የፈህሚያ የባዮሎጂ ደብተር ነበር። ግማሹ ባዶ ነው። ከፊት እንቁራሪት ተስሏል፣ ከኋላ እኔ። «ሰው ላይ የምትሠራውን ሁሉ እዚህ ጻፈው፣ ሰው ትንሽ ይረፍ» ብላ ወረወረችልኝ። እህቴ አስተማሪ ልትሆን ትማራለች፤ ማዘዙን ከወዲሁ ጨርሳዋለች። እኔ ከስምንተኛ ወጣሁ። ማለቴ... አስወጡኝ። የዳይሬክተሩ ፊሽካ ውስጥ በርበሬ የጨመረው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተናገርሁም።

ዛሬ ምንም የለም። ሱቅ ዋልሁ። አባ ጨርቅ ይለካል፣ ይቆርጣል። እኔ እጠቀልላለሁ፣ እቋጥራለሁ። ጋሽ በላቸው በረንዳችን ላይ የስፌት መኪናውን ይረግጣል። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ በረንዳው የሱ ነው። ከአባ ጨርቅ የገዛ ሰው ሁለት እርምጃ ሄዶ ለሱ ያሰፋል። ጥቅልሉን ሲፈታ ሁልጊዜ ይነጫነጫል። «ምነው እንደ ሰው አትቋጥር፣ ኡዘይር? ሁሉ ነገርህ ተገልብጦ!» በግራ እጄ ነው የምቋጥረው፣ ምን ላድርግ?

መቀሱን ደበቅሁበት። ግማሽ ቀን ፈለገ። የገዛ ኮቱ ኪስ ውስጥ ነበር። «ሰይጣን እንኳ ካንተ ጋር ሱቅ አይከፍትም!» አለኝ። አባ ሳቁን ጢሙ ውስጥ ደበቀው።

እሑድ የጋሽ በላቸው ልጅ ታገባለች።

ጥር 14

ከዙሁር በኋላ አንዳርጋቸው ጋ። የጋሽ በላቸው ልጅ ነው፣ የሙሽራዋ ወንድም። ፒያሳ ፕሌስቴሽን ቤት አለው። ቤት ማለት ሁለት ቴሌቪዥን፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና የሱ ጩኸት።

ከመተማ አዲስ ሲዲ መጥቶለታል። ሽፋን የለው፣ ስም የለው። ጽሑፉ አይነበብም። ሷሊሕ «የጃፓን ነው» አለ። «በምን አወቅህ?» «ዝም ብሎ ጃፓን ጃፓን ይላል።» ሷሊሕ ጓደኛዬ ነው፣ እንዲህ ነው የሚያውቀው።

ጎራዴ የያዘ ልጅ ነው። ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ይቆርጣል። የየስቴጁ መጨረሻ ላይ በር ከኋላው ድርግም ይላል፣ ሙዚቃው ይለወጣል፣ ትልቁ ይመጣል። ትልቁን አለቃ ነው የምንለው። የመጀመሪያው አለቃ ጊንጥ። ሁለተኛው ሁለት ራስ ያለው ወይፈን። ስድስት አለቃ ገደልን። ሰባተኛው ስቴጅ ገና ሲከፈት መብራት ጠፋ። ሜሞሪ ካርድ የለም። ከጊንጡ እንደገና!

ጥር 16

ሰባተኛው ተራራ ነው። ወደ ደባርቅ ሲኬድ ያለውን ይመስላል... ጭጋግ፣ ቢጫ ሣር፣ ገደል። ወጣሁ። ወረድሁ። ማንም የለም። በር የለም። ሙዚቃው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያው ነው። አንዳንዴ መሬቱ ይንቀጠቀጥና ገደል ይከተኛል። ነፍሴ ሁሉ አለቀ።

አለቃው የት አለ?

ሷሊሕ «ሲዲው ተጭሯል» አለ። አንዳርጋቸው አወጣው፣ በሸሚዙ ጠረገው፣ እንደ ትኩስ ሻይ እፍ እፍ አለበት። ያው ተራራ። እኔ ደግሞ አላስቻለኝም። «አይቼዋለሁ። ነጭ ጢም አለው። ከፏፏቴው ጀርባ ነው የተቀመጠው» አልሁ። ፏፏቴ የሚባል የለም። ሁለቱ ሲፈልጉ ዋሉ። ሷሊሕ እንዲያውም «ድምፁን ሰማሁት» አለ!

ጥር 17

ሰርግ። አልጽፍም።

ጥር 18

እሺ ልጻፍ። ማን ያነበዋል?

ቁስቋም፣ ጋሽ በላቸው ቤት። ሁለት ዳስ ተጥሏል። ትልቁ የነሱ፣ በጓሮ በኩል ያለው የኛ። የኛን በጎች አባ ራሱ ነው ቢስሚላህ ብሎ ያረደ። የሠሩት የኛ ሴቶች ናቸው። እንዳይቀላቀል በኛ ድስቶች ጆሮ ላይ አረንጓዴ ቅዳጅ ታስሯል። ጨርቁ ከሱቃችን ነው። ያሰረችው ፈህሚያ ናት።

ሷሊሕን ላስደነግጥ ነበር። ወላሂ ይኸው ነው። ከአንድ ድስት ላይ ቅዳጁን ፈትቼ ከነሱ ወገን ባለ ድስት ላይ ቋጠርሁት። ሷሊሕ ሊጎርስ ሲል «ኧረ! ኧረ!» ልለው... ፊቱን ላየው... ልንስቅ። በቃ።

ሙሽሮቹ ገቡ። እልልታ፣ ጭብጨባ። ዞር አልሁ። ስመለስ ድስቱ የለም። አሳላፊዎቹ ሽማግሌዎቹ ፊት አድርሰውታል። አባም እዚያ ነው። እጃቸውን ታጥበው፣ ወጡ ወጥቶ...

ጮኽሁ። «አትብሉ! ድስቱ ተቀላቅሏል!»

ማንም አልበላም። አልሐምዱሊላህ፣ አንድ ሰው አልቀመሰም። ግን «ማን ቀላቀለው?» ተባለ። ዝም። እኔም ዝም። አንዱ ድስት ከተቀላቀለ ሌላውስ ምን ዋስትና አለው? ሽማግሌዎቹ ተነሡ። በሥርዓት፣ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ፣ «ይባርክላችሁ» እያሉ፣ አንድ በአንድ። ዳሱ ባዶ ሆነ። ጋሽ በላቸው በር ላይ ቆሞ እየለመነ ነው። «ኧረ በቁስቋሟ! ሌላ ይታረዳል! ትንሽ ተቀመጡልኝ!»

አባ መጨረሻ ላይ ተነሣ። ድስቱን አየው። ቅዳጁን በሁለት ጣቱ ነካው። ምንም ሳይል ወጣ። ጋሽ በላቸው እጁን ዘርግቶለት ነበር... አባ አላየውም? ወይስ አይቶ?

ነገ ይጠራኛል። ጥፊ ነው። ይሁን።

ጥር 19

ጥፊ የለም።

ጋሽ በላቸው የስፌት መኪናውን በጋሪ ጫነ። አንዳርጋቸው ደገፈለት። ከመንገዱ ማዶ፣ አንድ ዘመዱ ደጅ ላይ ወሰደው። ሃምሳ እርምጃ አይሆንም። በረንዳው ላይ አራቱ እግሮች ሲሚንቶውን የበሉበት አራት ጉድጓድ ቀርቷል። አባ ውስጥ ሆኖ አንዱን ጨርቅ ሦስት ጊዜ ለካው። ገዢ የለም እኮ።

ጥር 21

አባ ጥቅልል ሰጠኝ። «ለበላቸው አድርስ። የደንበኛ ነው።» ራሱ ቋጥሮታል። በአረንጓዴ ቅዳጅ። ለምን አረንጓዴ? ሱቁ ሙሉ ሲባጎ አለ።

አደረስሁ። ጋሽ በላቸው ጥቅልሉን አላየም፣ እኔን አየኝ።

«ሌላ የተላከ አለ?»

«የለም።»

«ቃልም የለም?»

«ጨርቁ ብቻ ነው፣ ጋሽ በላቸው።»

ፈታው። ቅዳጁን አጥፎ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው። ምን ሊያደርግለት ነው?

ጥር 22

ዛሬም ጥቅልል። ዛሬም አረንጓዴ። «ቃልም የለም?» «የለም።»

ጥር 24

አንዳርጋቸው ጋ ሄድሁ። አይፈልገኝም ብዬ ነበር። ጆይስቲኩን ሰጠኝ ግን አላየኝም።

«የናንተ ሽማግሌዎች አባቴን በልጁ ሰርግ አዋረዱት።»

«እኛ ምን...»

«እናንተ አልሁ? ሽማግሌዎቹ ነው ያልሁ። እህቴ ሚዜዎቿ መሀል ፊቷን ሸፍና ነው ያለቀሰች።»

ሰባተኛው ላይ ደረስሁ። ያው ተራራ፣ ያው ጭጋግ። የዛሬው መንቀጥቀጥ ባሰ። አራት ጊዜ ወደቅሁ። አለቃውን ባገኘው እኮ ይሻለኝ ነበር። ቢመጣ እኮ ወይ ይገድለኛል ወይ እገድለዋለሁ።

ጥር 27

አባን አልገባኝም። በየቀኑ ይልከኛል፣ ስመለስ «አደረስህ?» ይላል፣ «አዎ» እላለሁ፣ ትንሽ ይቆማል፣ ይሄዳል። አይቆጣም። አይጮህም። ምነው? ሳያውቅ ቀርቶ ነው?

እንዲቆጣ ላደርገው አሰብሁ። ትናንት ማታ ሻዩ ውስጥ ሦስት ማንኪያ ጨው ጨመርሁ። ጨው! ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ አየሁት። ቀመሰ። ቆም አለ። ከዚያ... ጠጣው። እስከ ታች። ብርጭቆውን ሲመልስልኝ «ስኳሩ በዛ» አለኝ።

ሌሊቱን ሙሉ ውኃ ሲጠጣ ነበር አለች ፈህሚያ። ምን ዓይነት ሰው ነው?

ጥር 30

ጥቅልል። አረንጓዴ። «ቃልም የለም?» ዛሬ እኔ ቀደምሁት፤ «ቃልም የለም!» አልሁ ሳልጠየቅ። እንደሚስቅ መስሎኝ ነበር። መቀሱን አነሣ፣ አስቀመጠ።

የካቲት 3

አንዳርጋቸው ዛሬ አወራኝ። ጥሩ ወሬ አይደለም።

«አባቴ ሁዳዴ ሳይገባ ሽማግሌዎቹን እንደገና ሊጠራቸው ነበር አሳቡ። ቅበላ ዐሥራ አምስት ነው። ከዚያ ሁለት ወር ሥጋ የለም።»

«ይጥራቸዋ!»

«ማንን ይጥራ? አባትህ እንኳ አንድ ቀን መጥቶ አላናገረው። ጾሙ ከገባ አይቆይም። ባሕር ዳር ወንድሙ ጋ ሊሄድ ነው። መኪናውን ጭኖ።»

«ለስንት ቀን?»

«ለስንት ቀን ይለኛል! ለሁልጊዜ።»

በረንዳው ባዶ ይቀራል ማለት ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ነው አሉ። እኔ ዐሥራ ዘጠኝ ነኝ።

ልናገር? ለማን? ለአባ ከነገርሁት ይገድለኛል። ካልነገርሁት... ደግሞ ባልነገርሁት ምን እየሆነ ነው?

የካቲት 5

አባ ጥፊውን ለምን ያዘገየዋል? ልሂድና ፊቴን ልስጠው?

የካቲት 9

ዛሬ ጉድ ነው። ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ሷሊሕ ነው የሚጫወት፣ ተራራው ላይ ነን። እትዬ ወለተሩፋኤል ገባች፣ የአንዳርጋቸው እናት። በየቀኑ ምሳ ታመጣለታለች። ምሳ ዕቃውን አስቀመጠች፣ ስክሪኑን አየች።

«ምነው፣ ዛሬም ከሱ ላይ አልወረዳችሁም?»

«ከማን ላይ?» አለ አንዳርጋቸው፣ አፉ ሽሮ ሞልቶ።

«ከዚህ እንስሳ።»

«የቱ እንስሳ ነው፣ እማ? ተራራ እኮ ነው!»

«ምን ተራራ! ሲተነፍስ አታዩም? ይኸው ሲነሣ፣ ይኸው ሲወርድ። ሣር የምትሉት ፀጉሩ አይደል? ተራራ ያሳክከዋል እንዴ? ይኸው ሊያራግፋችሁ ሲነቀነቅ!»

ሦስታችንም ስክሪኑ ላይ አፈጠጥን።

«አንድ ወር ሙሉ ጀርባው ላይ ትሯሯጣላችሁ። እኔማ ታውቃላችሁ ብዬ ነው። ደግሞ አያሳዝናችሁም?» ባዶውን የትናንት ምሳ ዕቃ ይዛ ወጣች።

ሷሊሕ ጎራዴውን ሣሩ ላይ ሰካው። ተራራው ጮኸ! ጭጋጉ ተገፈፈ፣ ከታች አንድ ዓይን ተከፈተ፣ የሱቃችንን በር ያህላል። ሙዚቃው አልተለወጠም። ለምን ይለወጣል? ስቴጁ ሲጀመር ጀምሮ የአለቃው ሙዚቃ ነበር። መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነገር የለም። የገባን ቀን ጀምረናል።

ሁላችን ሳቅን። ሷሊሕ መሬት ላይ ተንከባለለ። «ነጭ ጢም አለው ያልኸን!» እያለ ደበደበኝ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ አንድ ቦታ ላይ ቆመብኝ። ሻዩ ትዝ አለኝ። ቅዳጆቹ። «ቃልም የለም?»

የካቲት 10

ፈህሚያን ጠየቅኋት። እየቀለድሁ አስመስዬ።

«አባ ያውቃል እንዴ?»

«ቋጠሮህን ነው?»

እኔ ምንም ሳልል!

«ሰርጉ ቤት ገና ሲነካው ነው ያወቀ። እኔ ሁሉንም በቀኝ ነው ያሰርሁት። አንዷ ብቻ ተገልብጣ። ዕውር አደረግኸው እንዴ አባን?»

«ጋሽ በላቸውስ?»

«ዐሥር ዓመት ያንተን ጥቅልል ሲፈታ የኖረ ሰው ነው።»

«ታዲያ ከአባ ጋር ምን አጣላው? ጥፋቱ የኔ ከሆነ!»

መጽሐፏን ዘጋች። ነገሩ ሲከብድ ነው የምትዘጋ። «አባ ሰው ሁሉ ፊት አንተን አሳልፎ መስጠት አቃተው። ልጄ ነው ከማለት ዝም ብሎ ወጣ። ጋሽ በላቸውን በር ላይ፣ እጁን እንደዘረጋ ጥሎት። ሰውየው የተቀየመ በድስቱ መሰለህ?»

«ለምን አይመታኝም ታዲያ?»

«በየቀኑ ወደዚያ የሚልክህ ጨርቅ ሊያደርስ ነው እንዴ? ሱቁ ተላላኪ አጥቶ?»

ዐሥራ ስምንት ጊዜ ሄጃለሁ... ዐሥራ ስምንት ጊዜ እዚያ ቆሜ፣ የሚቀጣኝን ቀን ስጠብቅ።

የካቲት 11

ጥቅልል። አፌን ከፈትሁ። የወጣው ምንድነው? «ጋሽ በላቸው፣ መቀስህ ኪስህ ውስጥ ነው?» ቀልድ ካልሆነ አይወጣልኝም። «ቃልም የለም?» አለ። ሮጥሁ።

የካቲት 12

ዛሬም አቃተኝ። አንዳርጋቸው ለባሕር ዳሩ ጉዞ ጆንያ እየገዛ ነበር።

የካቲት 13

ከጁምዓ በኋላ ሄድሁ። ጥቅልል የለም። አባ አልላከኝም፤ እንዲያውም አላየኝም። ባዶ እጄን ስደርስ ጋሽ በላቸው የሚረግጠውን አቆመ።

«ዛሬ ጨርቅ የለም?»

«የለም።»

መሳቢያውን ሳበ። ቅዳጆቹ ሁሉ እዚያ ናቸው፣ ተጣጥፈው። ከሥራቸው አንድ አወጣ። የወጥ ቅባት ደርቆበታል። እንደታሰረ ነው፣ ቀለበት ሆኖ፤ ከድስቱ ጆሮ ላይ ሳይፈታ አውልቆታል። ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ይችን ፍታልኝ። መቀስ ላስነካት አልፈለግሁም።»

በግራ እጄ ጀመርሁ። ደርቋል። ጥፍሬ ያመኛል። እየፈታሁ ነገርሁት። ሰውን ቀና ብሎ እያዩ የሚነገር አይደለም፣ ቋጠሮ እያዩ ግን... ወጣ። ሷሊሕን። ሙሽሮቹን። ዝም ማለቴን። ሁሉን።

እስክጨርስ ሰማኝ። መጨረሻ ላይ፤

«ሷሊሕን ልታስደነግጥ?»

«አዎ።»

«ደነገጠ?»

«የት! ሙሽራዋን ሲያይ ነበር።»

አፉ ትንሽ ነቅነቅ አለ። ሳቅ ይሁን ሌላ አላወቅሁም። ከዚያ ጣቱን አሻሸ። «ልጄ በየዓመቱ የሰርጌ ቀን ስትል የምታስበው ባዶውን ዳስ ነው። ታውቃለህ?» አለኝ። አላውቅም ነበር። አሁን አወቅሁ። ከጥፊ ይከፋል።

«ይቅር በለኝ ጋሽ በላቸው።»

«አባትህ ነው የላከህ?»

«አይደለም። የሱ ቃል የለኝም። የኔ ነው።»

ቅዳጁ ተፈታ። ለሰላሳ ዓመት የተቋጠረ ነው የሚመስለው፣ መጨማደዱ አይለቅም። ወሰደው። «ሂድ። ለአባትህ ምንም አትበል። እኔ እመጣለሁ።»

የካቲት 14

መጣ። ጋሪው ፊት ፊት፣ እሱ ኋላ። አንዳርጋቸውና እኔ መኪናውን አወረድን። አራቱ እግሮች አራቱ ጉድጓድ ውስጥ ገቡ።

አባ ሜትሩን እንደያዘ ወጣ። «ዘገየህ» አለ።

«መንገዱ ሩቅ ነው» አለ ጋሽ በላቸው።

«የኔ ነበር መምጣቱ።»

«ያንተ ነበር።»

አባ አንገቱን ደፋ። ጋሽ በላቸው እጁን ዘረጋ። ዛሬ አባ አየው።

የካቲት 15፣ ቅበላ

ቁስቋም። ያው ጓሮ። አባ አረደ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ መጡ፣ አባ ቤት ለቤት ዞሮ ጠርቷቸው፣ «ያቀላቀለው ልጄ ነው፣ አውቄ ዝም ያልሁት እኔ ነኝ» እያለ። ሙሽራዋም ከባሏ ጋር መጣች። እያየችኝ አለፈች። አልሳቀችልኝም። ተገቢ ነው።

ሥራዬ ድስት መጠበቅ ነው። ከጠዋት እስከ ከሰዓት፣ ቆሜ። ቅዳጆቹን ያሰርሁት እኔ ነኝ፣ ጋሽ በላቸው ነው ያዘዘ። «በግራህ!» አለ። «ሁሉም ያይ።» ሷሊሕ አጠገቤ መጥቶ ዓይኑን ጠቀሰኝ። «አንዷን ብቻ... ለአንዳርጋቸው...» ወላሂ እጄን በላኝ። ኪሴ ውስጥ ከተትሁት።

ድስቱ ቀረበ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቋጠሮውን አየና እጁን ያዝ አደረገ። «ማነው ያሰረው?»

«ኡዘይር ነው» አለ ጋሽ በላቸው፣ ዳሱ ሁሉ እንዲሰማ።

ሁሉም ወደኔ ዞረ። ስንት ዓይን! ወዴት ልግባ?

አባ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ቢስሚላህ አለ፣ የመጀመሪያውን ጎረሰ። ሽማግሌው አየው፣ እኔን አየኝ፣ ቆረሰ። ከዚያ ሁሉም።

አንዳርጋቸው «ነገ ና፣ ተራራውን እንጨርሰው» አለኝ። «እናትህ አያሳዝናችሁም እያለች?» አልሁት። ሳቀ።

የካቲት 16

ጠዋት አባ ራሱ ሻይ ቀዳልኝ። ቀድቶልኝ አያውቅም። ከበረንዳው የመኪናው ድምፅ ይሰማል።

ቀመስሁ። ጨው! ሦስት ማንኪያ ይሆናል፣ አራትም። ቀና አልሁ። አባ ጨርቅ እየለካ ነው። ፊቱ ላይ ምንም የለም። ጢሙ ብቻ።

ጠጣሁት። እስከ ታች።

«ስኳሩ እንዴት ነው?» አለኝ።

«በዛ» አልሁ።